እርሾው የጎደለበት ሊጥ፦ የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች የሙዚቃና የፊልም መርሐ ግብር በምን ላይ ቆሟል?

ሜይ 2 ቀን 2025፣ ዓርብ ምሽት፣ ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የኪነ ጥበብ ድጋፍ የተፈቀደላቸው በርካታ ድርጅቶች ተመሳሳይ ኢሜይል ደረሳቸው። መልእክቱ የተፈቀደላቸው ገንዘብ መቋረጡን፣ ለብዙዎቹ የመጨረሻው ቀን ሜይ 31 መሆኑንና ቅር የተሰኘ ወገን በሰባት ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ከጥቂት ሰዓታት በፊት ዋይት ሐውስ ይፋ ያደረገው የ2026 የበጀት ዕቅድ ደግሞ ገንዘቡን የሚሰጠው ተቋም ራሱ፣ ማለትም ናሽናል ኢንዳውመንት ፎር ዘ አርትስ፣ ጨርሶ እንዲዘጋ የሚጠይቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የሚሰማው ንግግር ሁለት ጫፍ ይዟል። አንደኛው ወገን የትናንሽ ከተሞች መድረክ ሊጨልም ነው ሲል ይሰጋል። ሌላው ወገን የተቋሙ የዓመት በጀት 207 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነና ይህም ለአገሪቱ ነዋሪ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል አንድ ዶላር እንኳ እንደማይሞላ ጠቅሶ፣ በዚህች ገንዘብ መቅረት የሚዘጋ መድረክ ድሮም በራሱ የቆመ አልነበረም ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ገንዘቡ መጠን ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ኮንሰርትና የፊልም ምሽት እንዴት እንደሚዘጋጅ በቅርብ ሲታይ ግን፣ የፌዴራሉ ድርሻ ብዙውን ጊዜ በእርግጥም ትንሽ እንደሆነ፣ ጉዳቱም ከመጠኑ ይልቅ ገንዘቡ በሥራው ቅደም ተከተል ውስጥ ከያዘው ስፍራ እንደሚመነጭ ይታያል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስሙ ምክር ቤት፣ ግብሩ ማኅበር

በትንሽ ከተማ ኮንሰርቱንና የፊልም ምሽቱን ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው «አርትስ ካውንስል» የሚባል ድርጅት ነው። ይህ ስያሜ «የኪነ ጥበብ ምክር ቤት» ተብሎ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ሰሚው የተመራጮች ሸንጎ ወይም የባህል ቢሮ ቅርንጫፍ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በአሜሪካ ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን ስሙን የተሸከመው ድርጅት በአብዛኛው ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ማኅበር ነው። ቦርዱ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የከተማው ጠበቃ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች የሚሰበሰቡበት ሲሆን፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ካለም አንድ፣ ያውም የግማሽ ቀን ነው። ትኬት የሚቆርጠው፣ ወንበር የሚደረድረውና ፖስተር የሚለጥፈው በጎ ፈቃደኛ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ድርጅት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ1949 በኖርዝ ካሮላይና ዊንስተን ሴሌም ከተማ ከተቋቋመው ካውንስል ነው። ወደ ትናንሾቹ ከተሞችና ወደ ገጠሩ በዕቅድ መስፋፋቱ ግን ሌላ መነሻ አለው። ኢንዳውመንቱ በ1965 በሕግ ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ በ1966 ለዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ጋርድ ድጋፍ ሰጠ፤ ጋርድና ባልደረቦቹም ስፕሪንግ ግሪን፣ ራይንላንደርና ዎፐን የሚገኙባቸውን አምስት የዊስኮንሲን አካባቢዎች መርጠው፣ ትንሽ ማኅበረሰብ የራሱን የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ እንዴት ማደራጀት እንደሚችል ለሦስት ዓመት ሞከሩ። ዛሬ በየከተማው የሚታየው የካውንስል መልክ ለዚያ ሙከራ ትልቅ ዕዳ አለበት።

በማሳቹሴትስ አሠራሩ ይለያል። ስቴቱ 351 ከተሞችና ቀበሌ መሰል አስተዳደሮች ሲኖሩት፣ ሁሉንም የሚያዳርሱ 329 የአካባቢ የባህል ካውንስሎች አሉት። አባላቱን ከንቲባው ወይም የከተማው አስተዳዳሪዎች ይሾማሉ፤ ቁጥራቸው ከ5 ማነስ ከ22 መብለጥ አይችልም። እነዚህ በአብዛኛው ከስቴቱ የተመደበላቸውን ገንዘብ ለአመልካቾች ያከፋፍላሉ እንጂ የኮንሰርት አዘጋጆች አይደሉም። መነሻቸውም በ1970ዎቹ መጨረሻ ለኪነ ጥበብ ድጋፍ ተብሎ የተፈቀደ ሎተሪ መሆኑ ያስገርማል። ስለዚህ አንድ ዜና «ካውንስሉ ገንዘብ ተቋረጠበት» ሲል፣ የተቋረጠበት መድረክ የሚያዘጋጀው ማኅበር ነው ወይስ ገንዘብ አከፋፋዩ አካል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

«ኢንዳውመንት» የሚለውም ቃል ያሳስታል። በተለመደው ትርጉሙ ኢንዳውመንት ማለት ዋናው ሳይነካ በወለዱ ሥራ የሚሠራበት ቋሚ ሀብት ነው። የፌዴራሉ ተቋም ግን ስሙ እንጂ እንዲህ ያለ ሀብት የለውም፤ የሚተዳደረው ኮንግረስ በየዓመቱ በሚመድብለት በጀት ነው። ቋሚ ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ የሜይ 2ቱ ጭንቀት በዚያ መልክ ባልተፈጠረ ነበር።

የአንድ ምሽት ሒሳብ

እነዚህ ካውንስሎች ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ «ሲዝን» ይሉታል። ሲዝን ማለት አስቀድሞ የታወጀ፣ ተመልካቹም እንደ አንድ ጥቅል ሊገዛው የሚችል የዝግጅቶች ሰንሰለት ነው፤ ጥቂት ኮንሰርቶች፣ ጥቂት የፊልም ምሽቶች፣ አልፎ አልፎም አንድ የልጆች ዝግጅት ይይዛል።

ለማስረዳት ያህል በግምት ቁጥሮች እንሂድ። 200 መቀመጫ ባለው የከተማ አዳራሽ ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ቼሎ የሚጫወቱ ሦስት ሙዚቀኞች ተጋበዙ እንበል። ለቡድኑ 4,500 ዶላር፣ ለአዳራሽና ለመብራት 800፣ ለማደሪያ 450፣ ለማስታወቂያና ለኅትመት 400፣ ለሙዚቃ ፈቃድና ለኢንሹራንስ 250፣ ፒያኖውን ለሚቃኘው ባለሙያ 200፤ በድምሩ 6,600 ዶላር ይወጣል። ትኬቱ 20 ዶላር ሆኖ 130 ሰው ቢመጣ የሚገኘው 2,600 ዶላር ነው። አዳራሹ እስከ መጨረሻው ወንበር ቢሞላም 4,000 ዶላር ብቻ ይገኛል። ወጪውን በትኬት ብቻ ለመሸፈን፣ በዚያው የተመልካች ቁጥር፣ ዋጋው ወደ 51 ዶላር መውጣት አለበት፤ በ51 ዶላር ደግሞ ያው 130 ሰው ይመጣል ብሎ የሚያምን የቦርድ አባል አይገኝም።

ከወጪዎቹ ቅናሽ የሚደረግበትን መፈለግም ቀላል አይደለም። ከሙዚቀኞች ውል ጋር ተያይዞ የሚመጣ ራይደር የሚባል ዝርዝር አለ፤ ፒያኖው በዕለቱ እንዲቃኝ፣ ለልምምድ አዳራሹ ስንት ሰዓት ላይ ክፍት እንደሚሆን፣ ከመድረክ ጀርባ ምን እራት እንደሚቀርብ ሳይቀር ይወስናል። ፒያኖው ባለፈው ሳምንት ተቃኝቷል ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ ቀን ሰው ሲገባ የሚሞቅና ሌሊት ማሞቂያው ሲጠፋ የሚቀዘቅዝ አዳራሽ አውታሩን ከቅኝቱ ያስወጣዋል። ሁለት መቶ ዶላሯ ወጪ ትመስላለች፤ እርሷን ያስቀረ ግን 4,500ውንም አባከነ ማለት ነው።

ከዚህ በስተጀርባ ያለውን ምክንያት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 ባወጡት ጥናት አብራርተውታል። በፋብሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው በመሣሪያ እየታገዘ ያድጋል፤ ደመወዙም ያንን ተከትሎ ያድጋል። አራት ሰዎች የሚጫወቱት የቤትሆቨን ሥራ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም ዛሬም አራት ሰዎችንና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይጠይቃል። ሙዚቀኛው እንደ ሌላው ሰው መኖር ስላለበት ክፍያው ከሌላው ደመወዝ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ምርቱ ግን አይጨምርም። «የወጪ ሕመም» የተባለው ይህ ነው። ክፍተቱ የአስተዳዳሪው ስንፍና ውጤት ስላልሆነ ጥሩ አስተዳዳሪ ሊያጠበው ይችል ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ትልቅ ከተማ ሁለት ሺህ ወንበር ያለው አዳራሽ ስላለው ሕመሙን በብዛት ያስታግሳል፤ ሁለት መቶ ወንበር ያላት ከተማ ግን ይህ መድኃኒት የላትም።

የፊልሙ ምሽት ርካሽ ይመስላል

ፊልም ማሳየት ሙዚቀኛ ከመጋበዝ በብዙ እጅ የሚቀል ይመስላል፤ በተወሰነ ደረጃም እውነት ነው። ሆኖም ሕዝቡ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሱቅ የተገዛ ዲቪዲ ወይም በወር ክፍያ የሚታይ የኦንላይን አገልግሎት የሚሰጠው መብት በቤት ውስጥ የመመልከት ብቻ ነው። በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለሕዝብ ለማሳየት፣ መግቢያው ነጻ ቢሆን እንኳ፣ የሕዝብ ማሳያ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ፈቃዱን ስዋንክን የመሰሉ ኩባንያዎች ስቱዲዮዎቹን ወክለው ይሸጣሉ። ትኬት ሲሸጥ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከተቆረጠ ክፍያና ከትኬት ገቢው መቶኛ መካከል የሚበልጠው ተወስዶ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ተመልካች ካልመጣ ኪሳራው የካውንስሉ ነው፤ ተመልካች ከበዛ ትርፉ የጋራ ነው።

የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 110 ንዑስ አንቀጽ 4 ለበጎ አድራጎት ዝግጅቶች የሰጠው ነጻነት እንዳለ የሚጠቅሱ አሉ። አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው ለሙዚቃና ለሥነ ጽሑፍ ንባብ እንጂ ለፊልም አይደለም፤ በሙዚቃውም ቢሆን ተጫዋቾቹ ምንም የማይከፈላቸው መሆን አለባቸው። ለሙዚቀኞቹ ክፍያ የሚፈጽም ካውንስል ስለዚህ አስካፕና ቢ ኤም አይ ከተባሉት የደራሲያን መብት አስከባሪ ድርጅቶች ፈቃድ ይገዛል።

በቴክኒኩም በኩል ለውጡ ትናንሾቹን ጎድቷል። ፓራማውንት በ2014 መጀመሪያ በአሜሪካ ፊልሞቹን በ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል ማከፋፈል ማቆሙ ሲሰማ፣ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ላይ ነበሩ። በጥቅሉ ፋንታ የመጣው ዲ ሲ ፒ የሚባለው ዲጂታል ቅጂ ሲሆን፣ እርሱን የሚያሳይ መሣሪያ ለአንድ ስክሪን ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይጠይቅ ነበር። ቅጂው በሃርድ ዲስክ ቢደርስም ብቻውን አይከፈትም፤ ለአንድ የተወሰነ ፕሮጀክተርና ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ የሚሠራ የኮምፒውተር ቁልፍ ተለይቶ ይላካል። ቁልፉ ለዓርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከተፈቀደ፣ ሐሙስ ማታ ለመሞከር የተሰበሰቡት በጎ ፈቃደኞች ስክሪኑን አይተው ከመመለስ ሌላ አማራጭ የላቸውም። ይህን መሣሪያ የማይገዙ ካውንስሎች ፈቃዱን ከፍለው በብሉ ሬይ ያሳያሉ፤ አዲስ ፊልም በወጣበት ሳምንት የማግኘት ዕድላቸው ግን የመነመነ ነው።

ለዚህም ነው በተለይ በደቡብ ስቴቶች ያሉት ትናንሽ ከተሞች የተለየ መንገድ የያዙት። ዋና መሥሪያ ቤቱ አትላንታ የሆነው ሳውዝ አርትስ የተባለ ክልላዊ የኪነ ጥበብ ድርጅት የሚታወቅበት ሳውዘርን ሰርኪት የሚሉት ዙር አለ፤ ገለልተኛ ፊልም ሠሪዎች ፊልማቸውን ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ ከትዕይንቱም በኋላ ከተመልካቹ ጋር ይነጋገራሉ። በእኔ ግምት ይህ ለትንሽ ከተማ ከሁሉም የተሻለው የፊልም ምሽት ነው፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የማያገኘውን ነገር ይሰጠዋልና። በሌላ በኩል ከሁሉም ይበልጥ በድጎማ ላይ የተመሠረተውም ይኸው ነው።

ገንዘቡ የሚወርድበት ቦይ

የፌዴራሉ ገንዘብ በሁለት መንገድ ይወርዳል። ኢንዳውመንቱ ለድጋፍ ከሚመደብለት ገንዘብ 40 በመቶው በሕግ ለስቴቶችና ለክልላዊ የኪነ ጥበብ ድርጅቶች የሚተላለፍ ነው፤ ቀሪውን ተቋሙ ራሱ በውድድር ይሰጣል። ሳውዝ አርትስን የመሰሉ ክልላዊ ድርጅቶችና የስቴት ኤጀንሲዎች የደረሳቸውን ከራሳቸው ምንጭ ጋር ደባልቀው ወደ ካውንቲና ወደ ከተማ ያወርዱታል። በሜይ 2025 የተቋረጠው በዋነኝነት በቀጥታ የተሰጠው ነው። የ40 በመቶው ቦይ ወዲያው አልደረቀም፤ በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ካውንስል ምንም አልሆንኩም ሲል ጎረቤቱ ተጎዳሁ ማለቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አይደለም።

ይህ ተቋም ለእኛ ማኅበረሰብም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ2008 ከሰጣቸው የብሔራዊ ቅርስ ሽልማቶች አንዱን የተቀበሉት በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት የያሬዳዊ ዜማ ሊቅ ሊቀ መዘምራን ሞገስ ስዩም ነበሩ።

ከሜይ በፊት የተወሰነ አንድ ነገር ትናንሾቹን ይበልጥ ይነካል። ቻሌንጅ አሜሪካ የተባለው፣ የኪነ ጥበብ አገልግሎት በቅጡ ላልደረሳቸው ማኅበረሰቦች የ10,000 ዶላር ድጋፍ የሚሰጠው መርሐ ግብር፣ ለ2026 እንደማይኖር የተነገረው በፌብሩዋሪ 2025 ነው። ጠበቃም ጸሐፊም የሌለው ካውንስል ሊሞላው የሚችል ቀለል ያለ ማመልከቻ የነበረው ይህ ነበር። አሁን ትንሹም ከትልቁ ኦርኬስትራ ጋር በአንድ በር እንዲገባ ተነገረው። በጋዜጦች ብዙ ያልተወራለት ይህ ውሳኔ፣ ከኢሜይሉ ይልቅ ረጅም ጥላ የሚጥል ይመስላል።

የስቴት ገንዘብም ቢሆን ዋስትና የለውም። የፍሎሪዳው አገረ ገዥ ሮን ዲሳንቲስ በጁን 2024 ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የኪነ ጥበብ ድጋፍን በአንድ ፊርማ ከበጀቱ ሰርዘዋል። በተቃራኒው በሚኒሶታ መራጩ ሕዝብ በ2008 የሽያጭ ታክሱ ላይ የአንድ በመቶ ሦስት ስምንተኛ እንዲጨመር በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወስኗል፤ ከዚህ ጭማሪ 19.75 በመቶው እስከ 2034 ለኪነ ጥበብና ለባህል ቅርስ ይውላል፣ ክፍያውም በ11 ክልላዊ ካውንስሎች በኩል ጭምር እስከ ትናንሽ ከተሞች ይዘልቃል። በቴክሳስ ደግሞ ከተሞች ከሆቴል ታክሳቸው እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ለኪነ ጥበብ ማዋል ይችላሉ፤ ሆቴል የሌላት ከተማ ከዚህ ምንም አታገኝም እንጂ።

ትንሿ ገንዘብ ለምን እንደ እርሾ ትሠራለች?

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በ6,600 ዶላሩ ወጪና በ2,600 ዶላሩ የትኬት ገቢ መካከል ያለውን የ4,000 ዶላር ክፍተት ከሚሞሉት ውስጥ የከተማው ባንክና የመኪና ነጋዴው ስፖንሰርነት፣ የአባላት መዋጮና የካውንቲው ድጎማ ይገኛሉ፤ ከፌዴራል የመነጨው ምናልባት 1,000 ዶላር ነው እንበል። ሥራውን የሚያስጀምረው ግን ይህ አንድ ሺህ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ተዛማጅ መዋጮ የሚባለው ደንብ ነው። ኢንዳውመንቱ በቀጥታ ለሚሰጠው እያንዳንዱ ዶላር ተቀባዩ ቢያንስ አንድ ዶላር ከፌዴራል ውጭ ማምጣት አለበት። ካውንስሉ ወደ ባንኩ ሄዶ «ከእናንተ አንድ ዶላር ከመጣ አንድ ዶላር ይጨመርበታል» ሲል የሚሰማው ያገኛል። የፌዴራሉ ዶላር ሲወጣ የባንኩም ዶላር ምክንያቱን ያጣል። ከዚህም ጋር የምስክርነት ነገር አለ፤ ከዋሽንግተን በውድድር ያሸነፈ ማኅበር ሒሳቡ የተጣራ ነው ተብሎ ይታመናልና።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሲዝን የሚታሰረው ከዓመት በፊት ነው። ሙዚቀኛው ውል ሲፈርም ቀብድ ይጠይቃል፤ ትኬት የሚሸጠው ግን ከወራት በኋላ ነው። የፌዴራሉ ገንዘብ ራሱ ቶሎ እጅ ላይ አይገባም፤ የሚጠየቀው ወጪው ከወጣ በኋላ ወይም ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ቢሆንም የተፈቀደ መሆኑ ሲታወቅ ቦርዱ ቀብዱን ከመጠባበቂያው አውጥቶ ለመክፈል ይደፍራል። በሜይ 2025 የተፈጠረው ችግር ከሁሉ በላይ ይህ ነበር፤ የተፈቀደ ገንዘብ መካከል ላይ ሊቀር እንደሚችል ከታየ፣ ወደፊት «ተፈቅዷል» የሚለው ደብዳቤ ቀብድ ለማስከፈል አቅም ያጣል። ገንዘቡ በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ በሙሉ ቢመለስ እንኳ ይህ እምነት አብሮት አይመለስም።

ሦስተኛው ምክንያት ከከተማ ከተማ የተሳሰረው ጉዞ ነው። ከኒው ዮርክ የሚነሳ ቡድን ለአንዲት ትንሽ ከተማ ብቻ ብሎ አይጓዝም። አጎራባች ካውንስሎች ተነጋግረው ሐሙስ አንዱ፣ ዓርብ ሌላው፣ ቅዳሜ ሦስተኛው ይቀበሉታል፤ በእንግሊዝኛው ብሎክ ቡኪንግ ይሉታል። የጉዞው ወጪ ለሦስት ይከፈላል። አንዱ ሲወጣ ግን የቀሩት ሁለቱ የእርሱን ድርሻ ይሸከማሉ፣ ወይም ጉዞው ይሰረዛል። ስለዚህ በአንድ ካውንስል ላይ የደረሰ መቋረጥ፣ ሰባራ ሳንቲም ከፌዴራል ተቀብሎ የማያውቀውንም ጎረቤት ያገኘዋል። በጀቱን ለነዋሪ ቁጥር አካፍለው ከአንድ ዶላር በታች ነው የሚሉት ወገኖች ስሌታቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህ ማካፈል ሰንሰለቱን አያሳይም።

ተመልካቹ ራሱ ይክፈል የሚለው ክርክር

ድጎማው ይቅር የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው ወግ አጥባቂ የጥናት ተቋም በ1997 ተቋሙ የሚዘጋባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሮ አቅርቦ ነበር። ከጭብጦቹ ጠንካራ የሆኑት ሁለት ናቸው፦ ድጎማው በአመዛኙ ራሱ መክፈል ለሚችል ተመልካች የሚደርስ ነው፤ መንግሥት ገንዘብ ሲሰጥም የኪነ ጥበብን አቅጣጫ መምራቱ አይቀርም። ሁለተኛው ጭብጥ በወቅቱ የተሰነዘረው ከወግ አጥባቂው ወገን ነበር። ዛሬ ሌላውም ወገን እየተቀበለው ነው፤ ተቋሙ በ2025 ቅድሚያ እንሰጣቸዋለን ያላቸው መስኮች፣ ከእነርሱም መካከል የአሜሪካ ነጻነት 250ኛ ዓመት፣ በመንግሥቱ ፍላጎት የተመረጡ መሆናቸው ግልጽ ነው። የሮድ አይላንድ የፌዴራል ፍርድ ቤትም በሴፕቴምበር 2025 ከጾታ ጉዳይ ጋር የተያያዘው የተቋሙ የድጋፍ መመዘኛ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ሲል ፈርዷል።

ተመልካቹ ቀድሞ ከፍሎ መድረኩ ያለ ድጎማ ሊቆም ይችላል የሚለውም ባዶ ምኞት አይደለም፤ ተሞክሮ ሠርቷል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ኮሚዩኒቲ ኮንሰርትስ በተባለው አሠራር፣ በአንድ ከተማ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ሳምንት ዘመቻ የዓመቱን አባልነት ይሸጣሉ፤ ለአንድ ምሽት ብቻ የሚሸጥ ትኬት የለም፤ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ በተሰበሰበው ልክ ሙዚቀኛ ይዋዋላሉ። ኪሳራ የሚባል ነገር አልነበረም። ማኅበር ጠጥቶ ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ መዋጮው ይቀድማል፣ ድግሱ በመዋጮው ልክ ይሆናል። ልብ ቢባል ይህ አሠራር የተሳካለት ያንኑ የቅደም ተከተል ችግር ስለፈታ ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። አባሉ ሲከፍል ማን እንደሚመጣ አያውቅም ነበር። የሚመጣውም በኒው ዮርክ ያሉት ጥቂት ታላላቅ የሙዚቀኞች ወኪሎች በዝርዝራቸው ከያዟቸው ነው፤ ወኪሎቹ በ1955 በፀረ ሞኖፖል ሕግ ተከሰው ጉዳዩ በስምምነት የተቋጨውም ከተሞቹን እርስ በርስ በመከፋፈላቸው ነው። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑና መኪናው መጡ፤ በቀን ቤት የሚውሉና ከቤት ቤት እየዞሩ አባልነት የሚሸጡ ሴቶችም ወደ ሥራ ወጡ። የዛሬው ተመልካች ደግሞ በዝግጅቱ ሳምንት ስልኩን አውጥቶ ትኬት የሚገዛ ነው እንጂ በመስከረም የግንቦትን ምሽት የሚገዛ አይደለም። ይህ ልማድ ባለበት ሁኔታ «ተመልካቹ ይክፈል» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ መቼ ይክፈል የሚለው ነው ከባዱ።

ድጎማውን የሚደግፉትም በበኩላቸው አንድ የፌዴራል ዶላር ሌሎች እስከ ዘጠኝ ዶላር ያስከትላል የሚለውን አባባል ሲያወሱ መጠንቀቅ አለባቸው። አንዱ ዶላር ዘጠኙን አስከተለ ወይስ ዘጠኙ ድሮም የሚመጡ ነበሩ የሚለው በዚህ ስሌት አይታወቅም። በትልቅ ከተማ ሙዚየም ዘንድ ሁለተኛው ይበልጥ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለጋሽ በጥቂቱ ባለበት የገጠር ካውንቲ ግን የመጀመሪያው ወደ እውነት ይጠጋል። ስለዚህ ድጎማውን ለትልልቆቹ መቀነስና ለትናንሾቹ ማቆየት የሚል መካከለኛ አቋም ምክንያታዊ ነው። የቻሌንጅ አሜሪካ መቅረት የሚያሳየው ግን ነገሩ የሄደው በተቃራኒው መንገድ መሆኑን ነው።

ወደፊት የሚታየው

የዋይት ሐውስ ጥያቄ በራሱ ሕግ አይደለም። በመጀመሪያው የትራምፕ ዘመንም በየዓመቱ ተቋሙ እንዲዘጋ ተጠይቆ ኮንግረስ እምቢ ብሏል፤ እንዲያውም በጀቱ በ2017 ከነበረበት 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በ2021 ወደ 167.5 ሚሊዮን አድጓል። በሌላ በኩል በ1992 ወደ 176 ሚሊዮን የደረሰው በጀት በ1996 ወደ 99.5 ሚሊዮን መውረዱ፣ ኮንግረስ ሲፈልግ እጁን እንደሚያሳጥር ያሳያል። ለ2026 የተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ 135 ሚሊዮን፣ የሴኔቱ ኮሚቴ ደግሞ 207 ሚሊዮን ዶላር ይሁን ብለው በጁላይ 2025 ተለያይተው ነበር።

ቁጥሩ የትኛውም ቢሆን፣ መድረኮች በአንድ ሌሊት ይዘጋሉ ተብሎ አይጠበቅም። የሚጠበቀው የመርሐ ግብሩ መልክ ቀስ በቀስ መለወጥ ነው። በበጋ በመናፈሻ የሚደረጉት ነጻ ኮንሰርቶች ስፖንሰር ስለማያጡ ይቆያሉ፤ የባንኩ ሰንደቅ ብዙ ሰው ፊት ይሰቀላልና። ስሙ የታወቀ የድሮ ዘፈን አስመሳይ ባንድም ትኬት ስለሚሸጥ ይበረክታል። ቀድሞ የሚወድቁት የማይታወቀው የገመድ መሣሪያ ቡድን፣ ፊልም ሠሪው ራሱ የሚገኝበት የዶክመንተሪ ምሽትና ሙዚቀኞቹ ከኮንሰርቱ በፊት በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሄደው ለልጆች የሚጫወቱት ናቸው። የመጨረሻው ትኬት የለውም፣ ፖስተር የለውም፣ የቀረ ቀንም የሚያጉረመርም የለም። በ2026 ደግሞ የ250ኛው ዓመት በዓል የድጋፍ በር ስለሆነ፣ በየከተማው የነሐስ መሣሪያ ባንድና የሰልፍ ሙዚቃ መብዛቱ አይገርምም።

የውሳኔው ሰዓት ጃንዋሪ ነው። የአገሪቱ አዘጋጆችና የሙዚቀኞች ወኪሎች በዚያ ወር በኒው ዮርክ በሚካሄደው ዓመታዊ ጉባኤያቸው ተገናኝተው የሚቀጥለውን ሲዝን ይነጋገራሉ። እዚያ ሁለት ዓይነት መያዣ አለ፤ አንደኛው ቀብድ ያለበት ውል፣ ሁለተኛው «ሆልድ» የሚሉት፣ ቀኑን በእርሳስ አስመዝግቦ መመለስ። ሆልድ ያስያዘ ከተማ ሌላ ቀብድ የሚከፍል ሲመጣ ተደውሎለት ያረጋግጥ ወይም ይልቀቅ ይባላል፤ ለመልሱም የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። የድጋፍ ደብዳቤ በእጁ ያልያዘው የትንሽ ከተማ ተወካይ ከዚያ ጉባኤ የሚመለሰው ቀኖቹን በእርሳስ አስይዞ ነው።